የገል ምስክርነት፤ የጥንት ሸክላ ምርመራ ስለ ሕዝቦች አመጣጥ ምን ይነግረናል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለታሪክ ተማሪ ሁሉ የሚስማማ ምክር ነው። ዳሩ ግን የጥንቱን ዘመን የሚመረምር ሰው ከሥሩ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ብራናው ይበሰብሳል፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ወርቁና ብሩም ቀልጦ የሌላ ዘመን ጌጥ ይሆናል። ሸክላ ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ማንም ስለማይፈልገው በወደቀበት ይቀራል። ስለዚህ በቁፋሮ ከሚገኘው ዕቃ ሁሉ በብዛት የሚበልጠው ገል ነው። ከዚህም የተነሣ ጽሕፈት ዝም በሚልበት ቦታ ገል ለምስክርነት ይጠራል፤ «ይህ ሕዝብ ከወዴት መጣ? ጥበቡንስ ከማን ተማረ?» ተብሎም ይጠየቃል።

በፍርድ አደባባይ ምስክር የሚጠየቀው ያየውን ነው እንጂ የሚመስለውን አይደለም። የገልም ምስክርነት እንደዚሁ ወሰን ሊኖረው ይገባል። ስለ አንድ የሸክላ ዕቃ ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይችላሉ፤ እነዚህም ጭቃው የየት አገር ነው? ቅርጹ የየት አገር ነው? የሠራውስ እጅ የየት አገር ነው? የሚሉት ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ላቦራቶሪ በቀጥታ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ መሆኑንና፣ ለመጀመሪያው የተሰጠው መልስ ለሦስተኛው እንደ ተሰጠ ሲቆጠር ስሕተት እንደሚፈጠር ነው። ስሕተቱ የሚጎዳውም የሩቅ አገር ሰዎችን ብቻ አይደለም፤ ስለ ገዛ አገራችን ሥልጣኔ መነሻ የምናምነውን ሁሉ ይነካል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሦስቱን ጥያቄዎች ልዩነት በመጀመሪያ ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን ገበያ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ስፍራችን በሄድን ጊዜ፣ በገበያ ቀን እንስራ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘን። የእንስራቸው አንገት ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ብሎ ስላየነው «እማማ፣ ይህን አንገት ከማን ተማሩት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ከእናቴ ነዋ! እኔ ከወንዙ ማዶ ተድሬ የመጣሁ ነኝ፤ አፈሩ የዚሁ ነው፣ እጁ ግን የእናቴ ነው» አሉን። ከሺሕ ዓመት በኋላ የዚያን እንስራ ገል የሚያገኝ ኬሚስት «የዚሁ አገር ሥራ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን የእኚህን እናት ከወንዝ ማዶ መምጣት አላወቀም፤ በመሣሪያውም ሊያውቀው አይችልም።

የምርመራው መንገድ

የሸክላን ጭቃ በኬሚስትሪ መመርመር የትናንት ሥራ አይደለም። በ1914 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ቴዎዶር ሪቻርድስ፣ ገና ወጣት ሳሉ በ1895 የጥንቱን የአቴና ሸክላ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ በዝተዋል፤ ዋና ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው።

አንደኛው የድንጋይ ተመራማሪዎች መንገድ ነው። ከገሉ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ይሞረዳል። በዚህን ጊዜ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጭቃው ውስጥ ያሉት የድንጋይና የአሸዋ ቅንጣቶች በየዓይነታቸው ይለያሉ። አና ሼፓርድ የተባሉት አሜሪካዊት በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውን የፔኮስን ሸክላ በዚህ መንገድ መርምረው በ1936 ያሳተሙት ጥናት፣ እያንዳንዱ መንደር ሸክላውን ለራሱ ይሠራ ነበር የሚለውን የጊዜውን እምነት አናወጠው። እዚያው እንደ ተሠራ ይታሰብ ከነበረው ሸክላ ብዙው ከሌላ መንደር የመጣ ሆኖ ተገኝቷልና።

ሁለተኛው የኬሚስቶች መንገድ ነው። የገሉ ዱቄት በአቶሚክ ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን ይመታል። በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልክ የጋማ ጨረር ይረጫሉ፤ ጨረሩም ሲለካ፣ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሆነው ንጥረ ነገር ሳይቀር መጠኑ ይታወቃል። በዚህ መንገድ የተገኘውን የመጀመሪያውን ውጤት በአሜሪካ በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ የሚሠሩት ሰይርና ዶድሰን በ1957 አሳተሙ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የአገር ስም አይናገርም፤ የሚሰጠው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። «የቀርጤስ ነው» ወይም «የአክሱም ነው» የሚባለው፣ ያ ሰንጠረዥ ቦታቸው አስቀድሞ ከታወቀ ጭቃዎችና ገሎች ሰንጠረዥ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። ዌይጋንድ፣ ሃርቦትልና ሰይር በ1977 የዚህን ሥራ መሠረት ሲወስኑ እንዳመለከቱት፣ የሁለት ቦታ ጭቃ ሊለይ የሚችለው በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ቦታ ውስጥ ካለው ልዩነት ሲበልጥ ነው። ይህ ካልተሟላ ቁጥሩ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ፍርድ አይሰጥም።

በዚህ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ራሱ ቁጥሩን ይለውጠዋል። አፈሩን በውሃ አጥልላ ጠጠሩን ብታወጣ፣ ወይም እንዳይሰነጠቅባት አሸዋ ወይም የገል ዱቄት ብትደባልቅበት፣ የጭቃው ልክ ከተቆፈረበት ጉድጓድ ልክ ይለያል። ብዙ ሺሕ ዓመት በመሬት ውስጥ ሲቀመጥም የመሬቱ እርጥበት አንዳንዱን ንጥረ ነገር ያጥበዋል፤ ሌላውን ይጨምርበታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ ይሠራል እንጂ በአንዱ ብቻ አይተማመንም።

የቴቤስ ማሰሮዎች

ይህ ማስጠንቀቂያ በቃል ብቻ የሚነገር አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በግሪክ አገር በቴቤስ ከተማ በነበረው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት በ1921 በተደረገው ቁፋሮ፣ ሁለት ጆሮዎቻቸው በአንድ ድፍን አንገት ላይ የሚገናኙ የዘይት ማሰሮዎች ተገኝተው ነበር። በብዙዎቹ ላይ ከመተኰሳቸው በፊት በቀለም የተሳለ ጽሕፈት ነበረባቸው። ጽሕፈቱ ማይክል ቬንትሪስ በ1952 የፈቱት፣ «ሊኔያር ቢ» የሚባለው የጥንት ግሪክ ጽሕፈት ነው። ማሰሮዎቹ እዚያው ተሠሩ ወይስ ባሕር ተሻግረው መጡ? የሚለው ክርክር ለቤተ መንግሥቶቹ ንግድና ግንኙነት ታሪክ ታላቅ ነገር ነበር።

በ1965 ካትሊንግና ሚሌት ጭቃውን በላቦራቶሪ መርምረው፣ ከማሰሮዎቹ ብዙዎቹ ከቀርጤስ ደሴት፣ ያውም ከምሥራቁ ክፍል የመጡ ናቸው ብለው ጻፉ። ብዙ ሰዎችም ሳይንስ ፍርዱን ሰጠ ብለው ተቀበሉት። ሌሎች ግን ቁጥሮቹን እንደ ገና እያሰሉ፣ ንጽጽሩም በቂ አለመሆኑን እያመለከቱ ተከራከሩ። በማሰሮዎቹ ላይ ከተጻፉት የቦታ ስሞች አንዳንዶቹም፣ በክኖሶስ ከተገኙት የሸክላ ጽላቶች ጋር ሲመሳከሩ፣ ወደ ምዕራብ ቀርጤስ እንጂ ወደ ምሥራቁ አያመለክቱም ነበር። በመጨረሻም ካትሊንግ ራሳቸው ከሦስት ባልደረቦች ጋር ሆነው በ1980 ባሳተሙት አዲስ ጥናት የማሰሮዎቹ ዋና ምንጭ ምዕራብ ቀርጤስ መሆኑን ገለጡ። በ2011 የታተመውም ሰፊ ጥናት ኬሚስትሪውንና ማይክሮስኮፑን አጣምሮ የምዕራቡን ድርሻ አጸና።

ከዚህ የምንማረው ሳይንስ ሐሰተኛ መሆኑን አይደለም። እንዲያውም ስሕተቱን ያረመው ራሱ ሳይንስ ነው፤ የቀድሞ ቃላቸውን በአደባባይ ያረሙትም ሊቅ ሊመሰገኑ ይገባል። የምንማረው ግን ይህን ነው፤ ማነጻጸሪያው በሚገባ ያልተሰበሰበለት አገር ለፍርድ እንዳልተጠራ ምስክር ነው፤ እርሱ በሌለበትም ፍርዱ ለተገኘው ጎረቤት ይደርሳል።

የአዛጦን ሸክላ

የቴቤስ ነገር የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የጭቃውን አገር፣ የሚመለከት ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ከእርሱ ጋር እንዴት እንደሚደባለቁ የሚያሳየን ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ አዛጦን ተብላ የምትጠራው፣ ዛሬ አሽዶድ የምትባለው ከተማ ናት። ፍልስጥኤማውያን ከከፍቶር እንደ መጡ በነቢዩ አሞጽ መጽሐፍ የተጻፈውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት በነበረው የመሬት ድርብ ውስጥ ቅርጹና ሥዕሉ የግሪክ አገርን ሸክላ የሚመስል ብዙ ገል ተገኘ። ታዲያ ይህ ሸክላ በመርከብ የመጣ ነውን?

አሳሮ፣ ፐርልማንና ዶታን በ1971 ባሳተሙት የኒውትሮን ምርመራ መልሱ «አይደለም» ሆነ፤ ጭቃው የዚያው አገር ጭቃ ነው። በአቃሮን የተገኘውም ተመሳሳይ ሸክላ በ1986 በታተመው ምርመራ እንደዚሁ የአገሬው ጭቃ ሆነ። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው «እንግዲያውስ ፍልስጥኤማውያን ከውጭ አልመጡም» ሊል ይችላል። የሊቃውንቱ ፍርድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ወደዚያ አገር ይመጣ የነበረው የግሪክ ሸክላ በብዛት ከግሪክ አገር ጭቃ የተሠራ ስለ ነበረ የሚያስረዳው ንግድን ነው። አሁን ግን ዕቃው መምጣቱ ቀርቶ አሠራሩ በአገሬው ጭቃ ላይ ታየ። ከእርሱም ጋር የግሪክ አገር ዓይነት የወጥ ማብሰያና የቤት ምድጃ አብሮ ታየ። የገበታ ሳህን ነጋዴ ያመጣዋል፤ ወጥ የሚሠራበትን ድስት ግን ሰው ከእናቱ ቤት ልማድ ጋር ይዞት ይሄዳል።

በ2019 ደግሞ በአስቀሎና ከተቀበሩ ሰዎች አጥንት የተወሰደው የዲ. ኤን. ኤ. ምርመራ ታተመ። በዚያው ዘመን ገደማ ከደቡብ አውሮፓ ወገን የመጣ የዘር ድርሻ ወደ ሕዝቡ መግባቱንና፣ ከ2 መቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በአገሬው ሕዝብ ውስጥ መደብዘዙን አሳየ። እንግዲህ የአገሬው ጭቃ የሰውን መምጣት አላፈረሰም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር ሆኖ አጸናው እንጂ። የውጭ ጭቃም የሰውን መምጣት አያጸናም፤ የመርከብን መምጣት ብቻ ይናገራል። ይህን የተገላቢጦሽ ነገር በልባችን ይዘን አሁን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ።

የአክሱምና የየሐ ነገር

በአክሱም፣ በአዱሊስ፣ እንዲሁም በኤርትራ ባሕር ጥቁር አሳርካ በተባለችው ደሴት አጠገብ ከሰጠመ መርከብ፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ ገላው የተሸነተረ፣ ባለ ሁለት ጆሮ ማሰሮ ተገኝቷል። ዘመኑ ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ውስጥ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ በዐቃባ፣ በጥንት ስሟ በአይላ፣ እንደዚህ ያሉ ማሰሮዎች ይተኰሱባቸው የነበሩ ምድጃዎች ተገኝተው በ1994 ስለ እነርሱ ጥናት ታተመ። በማይክሮስኮፕ የሚታዩት የግራኒት ቅንጣቶችም ከዚያ አገር ተራሮች ጋር ይስማማሉ። ስለዚህ ዛሬ ሊቃውንት «የአይላና የአክሱም ማሰሮ» ይሉታል፤ አንዱ ስም የተሠራበት፣ ሁለተኛው የተገኘበት ነው። እዚህ ላይ ምስክሩ ያየውን ብቻ ተጠይቆ ጥሩ አድርጎ መለሰ። ምድጃው፣ ጭቃውና ቅርጹ ተስማሙ፤ የተመሰከረውም ንግድ ነው። የአይላ ሰዎች አክሱምን ሠሩ የሚል ማንም የለም።

የየሐ ነገር ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራውና ዛሬም 14 ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ የቆመው ቤተ ጣዖት፣ በዙሪያውም የተገኙት ጽሕፈቶች ከደቡብ ዓረብ፣ ከሳባ መንግሥት ጥበብ ጋር የተዛመዱ መሆናቸው አይካድም። ከጽሕፈቶቹም መካከል ድንጋይ ጠራቢዎች ራሳቸውን የማሪብ ሰዎች ብለው የጠሩባቸው አሉ። ከዚህ ተነሥተው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክ ሥልጣኔውን ያመጡት ባሕር ተሻግረው የሰፈሩ የደቡብ ዓረብ ሰዎች ናቸው አሉ። ይህም አሳብ ለብዙ ጊዜ በትምህርት መጻሕፍት እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲነገር ቆየ። በዚህ አሳብ ውስጥ አገሬው ተቀባይ እንጂ ሠሪ ሆኖ አይታይም።

ያን ጊዜ ያልተጠየቀው ምስክር ገሉ ነበር። በ1952 የአርኬዎሎጂ ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ በመጠራና በየሐ ቆፈሩ፤ የመጠራንም ሸክላ በ1966 በጥናት አወጡ። ሮዶልፎ ፋቶቪች በ1980 ከአክሱም በፊት የነበረውን ሸክላ በሰፊው አነጻጽረው፣ በየአውራጃው የየራሱ ልማድ እንደ ነበረው አሳዩ። ሽሚትና ኩርቲስ በ2001 በአሥመራ ዙሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ገደማ ስለ ነበሩት መንደሮች ሲጽፉ የአገሬውን መሠረት አጕልተው ተናገሩ። በምሥራቅ ትግራይ በመዝብር የተደረገውም ቁፋሮ የገበሬ መንደር ኑሮ እስከ 1600 ዓመት ቅድመ ልደት ገደማ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህም ከየሐ ቤተ ጣዖት ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

በዚህ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ እውነቱን እንናገር። ነገር ግን ደስታችን ፍርዳችንን እንዳያጣምመው እንፈራለን። በተማሪዎች መካከል በሚደረገው ክርክር «ገሉ የአገር ጭቃ ስለ ሆነ ከሳባ የመጣ ሰው የለም» የሚል ነገር ደጋግመን ሰምተናል። ይህ አነጋገር ለጭቃው የተሰጠውን መልስ ለሰውየው ማድረግ ነው። የአዛጦንን ነገር ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ኮንቲ ሮሲኒ ቤተ ጣዖቱንና ጽሕፈቱን ብቻ ሰምተው ገሉን ሳይጠይቁ ፈረዱ፤ እኛ ደግሞ ገሉን ብቻ ሰምተን ጽሕፈቱን ዝም ብናሰኘው ስሕተቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ተጠቃሚው ብቻ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ይህም በየትኛውም አገር ካለው ይልቅ በእኛ ላይ የከበደ ነው። የኢትዮጵያ ደጋና የየመን ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ አንድ ዓይነት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈኑ ናቸው። ከእርሱ በታች ያለውም ጥንታዊ ድንጋይ ቀይ ባሕር ሳይከፈት አንድ መሬት ነበር። ስለዚህ «ከባሕሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» የሚለው፣ እኛ አጥብቀን የምንጠይቀው ጥያቄ፣ በተለይ ከዚህ ድንጋይ ለተገኘ ጭቃ ላቦራቶሪው በቀላሉ የሚመልሰው አይደለም። ዐቃባን ከአክሱም መለየትና የየመንን ደጋ ከትግራይ ደጋ መለየት እኩል ሥራ አይደሉም። ይህን ለመለየት በሁለቱም ወገን ከየወንዙና ከየሸለቆው በብዛትና በጥንቃቄ የተሰበሰበ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ያለዚያ የቴቤስ ማሰሮዎች ታሪክ በእኛ ላይ ይደገማል።

ታዲያ ከየሐ ምስክሮች ሁሉ ምን ይወጣል? በእኛ አስተያየት የዕለት ተዕለት የቤት ዕቃው በብዛት የአገሬውን ልማድ ሲከተል፣ ቤተ ጣዖቱና የንጉሡ ጽሕፈት ግን የሳባን ጥበብ ሲከተሉ፣ ሁለቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው አይቃረኑም። ጥቂት ሰዎች፣ ከነዚህም ጠራቢዎችና ጸሐፊዎች፣ ከባሕር ማዶ መጥተው ይሆናል። የተቀበላቸው ግን የራሱ መንደር፣ የራሱ ምድጃና የራሱ ድስት የነበረው ሕዝብ ነው። ከመጣው ጥበብ የሚፈልገውን መርጦ ወሰደ፤ ምጣዱን ግን አልለወጠም። ይህ አሳብ ሊታረም ይችላል፤ ቢያንስ ግን ጭቃውን፣ ቅርጹንና እጁን ለያይቶ የጠየቀ ነው።

ምን እናድርግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መቀመጥ ለተማሪ አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ በአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ከሚቆፍሩበት ጉድጓድ ጥቂት ጭቃ፣ ከሚሠሩትም ዕቃ አንድ ስባሪ ይዞ፣ ቦታውን በትክክል ጽፎ እንዲያመጣ ነው። ዲን አርኖልድ በ1985 በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች አነጻጽረው እንዳመለከቱት፣ አብዛኞቹ ጭቃቸውን የሚያመጡት ከ7 ኪሎ ሜትር ከማይበልጥ ርቀት ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ ቦታ በትክክል ከተጻፈ ስብስቡ ለወደፊቱ ተመራማሪ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ወጪውም ከአንድ ከረጢት አይበልጥም።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ ምን እንደሚደባለቅበት፣ የእንስራው አንገት ከማን እንደ ተወረሰ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እነርሱን ግን በብዙ የአገራችን ክፍል ሕዝቡ ቡዳ ናቸው እያለ ይርቃቸዋል፤ አያጋባቸውም፤ በቀድሞው ዘመን መሬትም ሲከፋፈል ይዘለሉ ነበር። የሺሕ ዓመቱን ገል በጥጥ ጠቅልለን በሣጥን እያስቀመጥን ዛሬ የሚሠራውን እጅ ብንንቅ ጥናታችን ከግማሹ ይጎድላል። ገሉ ስለ እጁ የማይነግረንን ነገር የሚነግሩን እነርሱ ናቸውና።

በገበያ ያነጋገርናቸው እናት ሲለዩን «እንስራውን ሳትገዙ ወሬውን ብቻ ይዛችሁ ልትሄዱ ነው?» ብለው ሣቁብን። አፍረን አንድ ገዛን። በመኪና ስንመለስ ተሰበረብን፤ ስባሪው ግን ከነጭቃው ጉድጓድ ስም አሁን በእጃችን አለ። ለስብስቡ የመጀመሪያው ይሁንልን።